ሊኑክስ ሚንት 22.2፦ በተበላሸ ቀን ሲመዘን

የሊኑክስ ዲስትሮ (በሊኑክስ ላይ የተገነባ ሙሉ የኮምፒዩተር ሲስተም) ግምገማ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ዲስትሮው በተጫነ በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ስክሪኑ ያምራል፣ ሜኑው ይፈጥናል፣ ዋይፋዩም ሠርቷል፤ አለቀ። እዚህ ግን ሚንትን የምናስቀምጠው በሌላ ሚዛን ላይ ነው። ጠዋት ሲከፈት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የቀረ ዕለት፣ ከአፕዴት በኋላ ድምፁ የጠፋ ዕለት፣ ባለቤቱና ሊረዳው የፈለገው ሰው የሚገናኙት በስልክ ወይም በጽሑፍ ብቻ ሲሆን፣ ሲስተሙ ምን ያህል ይተባበራቸዋል?

መልሱን ከወዲሁ እንናገር፦ በጣም ይተባበራል፤ ነገር ግን ምርጥ መሣሪያዎቹን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን የሚሰጠው ለጠየቀው ብቻ ነው። ያልጠየቀ ሰው መሣሪያዎቹ መኖራቸውን የሚያውቀው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ሚንትን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ክሌመንት ሌፌቭር ነው። 22.2 ወይም በቅጽል ስሙ «ዛራ» የወጣው በሴፕቴምበር 2025 ሲሆን መሠረቱ ኡቡንቱ 24.04 የተባለው ሌላ ዲስትሮ ነው፤ የደኅንነት አፕዴት እስከ 2029 ይመጣለታል። በሦስት የዴስክቶፕ መልክ ይወርዳል፦ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። ዝቅተኛው ራም 2 ጊጋባይት ነው ቢባልም ሲናሞን ላይ ብራውዘር ከፍቶ ለሚሠራ ሰው 4ም ይጠበዋል። ለዲስክ ደግሞ ዝቅተኛው 20፣ የሚመከረው 100 ጊጋባይት ነው። ከታች በምናየው ምክንያት 20 የሚለውን ቁጥር እንደሌለ ይቁጠሩት።

ከመጫን በፊት የወረደውን ፋይል ማረጋገጥን ብዙ ሰው እንደ ጥንቃቄ ብዛት ያየዋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 የሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ የ17.3 ሲናሞን መጫኛ የኋላ በር በተከፈተበት ፋይል ተተክቶ እንደነበር ካሰብነው ግን ሁለት ደቂቃ አይቆጭም። ሚንት ላይ ሆነው የሚያወርዱ ከሆነ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክተው «ቬሪፋይ» የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ጥቅሙ ከጠላፊ መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ መሐል ላይ ተቋርጦ የወረደ ፋይልንም ይይዛል። «ኢንስቶል ሲያደርግ 60 በመቶ ላይ ቆመብኝ» የሚል አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የተበላሸ ፋይልና ያረጀ ፍላሽ ናቸው።

ኢንስቶለሩ ዲስኩን ካላየው ችግሩ ሚንት ጋ አይደለም። ባዮስ (ማሽኑ ሲከፈት ከሲስተሙ በፊት የሚሠራው ማስተካከያ) ውስጥ የዲስኩ አሠራር «አርኤስቲ» ወይም «ሬይድ» ላይ ተቀምጦ ይሆናል፤ ወደ «ኤኤችሲአይ» መቀየር አለበት። ዊንዶውስ አብሮ እንዲቀር ከተፈለገ ግን በደፈናው መቀየር ዊንዶውሱን እንዳይነሳ ያደርገዋል። መጀመሪያ ዊንዶውሱን በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ያዙት፣ ከዚያ ባዮሱን ይቀይሩ፣ በሴፍ ሞድ አንድ ጊዜ ያስነሱት፣ በመጨረሻ ወደ መደበኛው ይመልሱት። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ሌላ ቦታ ሳይገለብጡ ባዮስ ውስጥ እጅ አያስገቡ።

አሁን ወደ ጥቁሩ ስክሪን። የኤንቪዲያ ካርድ ያለበት ማሽን ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሚንት ሲጫን ይዞ የሚመጣው «ኑቮ» የተባለው ነጻ ድራይቨር ከአንዳንድ ካርዶች ጋር አይስማማም። ከፍላሹ ሲነሳ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን መምረጥ ያሳልፋል። ከተጫነ በኋላ ከሆነ ግን የግሩብን (ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ሜኑ ማውጣት ያስፈልጋል፦ ማሽኑ እንደተከፈተ በዩኢኤፍአይ (የባዮስ አዲሱ ዓይነት) የሚነሳ ከሆነ «ኢስኬፕ»ን ነካ ነካ ማድረግ፣ በአሮጌው ባዮስ ከሆነ «ሺፍት»ን ይዞ መቆየት። ኢስኬፕ ከመጠን በላይ ከተነካ ሜኑው አልፎ ባዶ የትእዛዝ መስመር ይመጣል። አይደንግጡ፤ አጥፍቶ እንደገና መሞከር ነው።

ሜኑው ሲወጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመው «ኢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ይጫኑ። ግር የሚል ጽሑፍ ይከፈታል። ከዚህ ሁሉ የሚፈለገው «ሊኑክስ» በሚለው ቃል የሚጀምረው አንድ ረጅም መስመር ብቻ ነው፤ ስለማይበቃው ወደ ታች ታጥፎ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ይመስላል። መጨረሻው አካባቢ «ኳየት ስፕላሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ አንድ ክፍተት ይተዉና «ኖ»፣ «ሞድ» እና «ሴት» የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ያለ ክፍተት ገጥመው ይጻፉ። ከዚያ ኤፍ10። ይህ ለውጥ የሚሠራው ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የተሳሳተ ነገር ቢጽፉ እንኳ በሚቀጥለው መነሳት ይጠፋል። በስልክ የሚረዳ ሰው ይህን ደጋግሞ ሊናገር ይገባል፤ ተቀባዩ ሰው እጁ የሚንቀጠቀጠው «ኮምፒዩተሩን አበላሸሁት» ብሎ ነውና።

ዴስክቶፑ ሲከፈት ስክሪኑ ጎላ ጎላ ብሎ፣ መስኮቱም ተጎትቶ ይታያል። ይህ መድኃኒቱ ሳይሆን ማስታገሻው ነው። «ድራይቨር ማኔጀር»ን ከፍተው «ሪኮሜንድድ» የተባለውን ይምረጡ፣ ይጠብቁ፣ ያስነሱ። አንዳንድ ምክር ሰጪ ያችን ቃል በቋሚነት ግሩብ ውስጥ እንድትቀር ያዝዛል። አይስሙት። እሷ ካለች የግራፊክስ ካርዱ በአግባቡ አይሠራም፤ ቪዲዮውም በፕሮሰሰሩ ጉልበት ሲንፏቀቅ ይኖራል።

ሴኪዩር ቡት (ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌር ማሽኑ ሲነሳ እንዳይገባ የሚያግደው ጥበቃ) ክፍት ከሆነ አንድ ወጥመድ ይቀራል። ድራይቨሩ ሲጫን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ይህ የመግቢያ ፓስወርድዎ አይደለም፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው። ሲያስነሱት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና አሥር ሰከንድ ብቻ ይጠብቅዎታል። ማንኛውንም ቁልፍ ነክተው «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ» ብለው ያንን ፓስወርድ ይጻፉ። ኪቦርዱ እዚህ ጋ በአሜሪካ እንግሊዝኛ አቀማመጥ ስለሚሠራ ፓስወርዱን በትንንሽ ፊደላትና በቁጥር ብቻ ማድረግ ይሻላል። ሰማያዊውን ስክሪን የዊንዶውስ ብልሽት መስሎት ማሽኑን የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው። ውጤቱ፦ ድራይቨሩ ተጭኗል ይላል፣ ግን አይሠራም። ሚንት እዚህ ላይ አንድ ገጽ ማብራሪያ ቀድሞ ቢያሳይ የሚያድነው የሰው ሰዓት ብዙ ነበር።

አንድ ማሽን ላይ ሚንትን ከዊንዶውስ ጋር አብረው ለሚጠቀሙም አንድ ነገር። በኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት አሮጌ የሊኑክስ ማስነሻዎችን በሴኪዩር ቡት በኩል በማገዱ ብዙ የጥንድ ሲስተም ማሽኖች «ኤስባት» የሚል ቃል ያለበት የስሕተት መልእክት አሳይተው ጠፍተዋል። ያን መልእክት ያየ ሰው ዲስኩን መቅረጽ አያስፈልገውም፤ ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው ዘግቶ ሚንትን ማስነሳትና ሁሉንም አፕዴት መጫን፣ ከዚያ መልሶ መክፈት ነው።

ይህ ሁሉ የማስነሳት ጣጣ ነው። ሚንት ሌሎችን የሚበልጠው ግን ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ታይምሺፍት አለ። የሲስተሙን ፎቶ አንስቶ ያስቀምጣል፤ ነገሩ ሲበላሽ ወደ ትናንቱ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ልማቱን የተረከበው ራሱ የሚንት ቡድን ነው። ስሕተት የሚፈጠረው ሰው ባክአፕ ነው ብሎ ሲያምነው ነው። በተለመደው አቀማመጡ የ«ሆም» ፎልደርን አይነካም፤ ፎቶዎችዎ፣ ሰነዶችዎ፣ የብራውዘር ፓስወርዶችዎ ውስጡ የሉም። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ታስቦበት ነው፤ ሲስተሙን ወደ ባለፈው ሳምንት ሲመልሱ የሳምንቱ ሥራዎ አብሮ እንዳይጠፋ። ሰነዶችን ለብቻ በሌላ ዲስክ መገልበጥ የተጠቃሚው ሥራ ነው።

ሲያዘጋጁት «አርሲንክ» የሚለውን ይምረጡ። ማስቀመጫው እንደ ኢኤክስቲ4 ባለ የሊኑክስ አቀራረጽ የተቀረጸ ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስክ ክፋይ፣ መሆን አለበት፤ በኤንቲኤፍኤስ ወይም በፋት የተቀረጸ የውጭ ዲስክ አይቀበልም። «የውጭ ዲስኬን ታይምሺፍት አላየውም» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ሲስተሙ ራሱ የያዘውን ያህል ቦታ ይወስዳል፤ የሚቀጥሉት ግን የተቀየረውን ብቻ ስለሚጨምሩ ቀላል ናቸው። ቢሆንም በየቀኑ 5፣ በየሳምንቱ 3 እያደረጉ ማከማቸት ጠባብ ዲስክን ይሞላል። በየቀኑ 2፣ በየሳምንቱ 1 ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ዲስኩ ከሞላ ምን ይሆናል? ፓስወርድዎን ይጽፋሉ፣ ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ተመልሶ ፓስወርድ ይጠይቅዎታል። ልክ ነው የጻፉት፤ ደግመው ይጽፋሉ፤ ያው። ዴስክቶፑ ሲከፈት ትንንሽ ፋይሎች መጻፍ አለበት፤ ቦታ የለም። «ኮንትሮል»፣ «አልት» እና ኤፍ1ን አንድ ላይ ተጭነው ጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን ላይ በስምዎና በፓስወርድዎ ይግቡ። «ዲኤፍ» ከዚያ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ «ኤች» ብለው ሲጽፉ የዋናው ፓርቲሽን 100 በመቶ ካለ ምክንያቱ ተገኘ። «ሱዶ ታይምሺፍት» ብለው («ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ቃል ነው) ሁለት ሰረዝና «ሊስት» ሲጨምሩ የፎቶዎቹ ዝርዝር ይወጣል፤ በ«ሊስት» ቦታ «ዲሊት» ብለው አሮጌውን ይምረጡ። ከዚያ በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ7 ወደ መግቢያው ይመለሱ። ዲስኩ ካልሞላና ያው ምልልስ ካለ ደግሞ ሆም ፎልደር ውስጥ ያለው «ኤክስ ኦቶሪቲ» የተባለው ድብቅ ፋይል ባለቤትነቱ ወደ «ሩት»፣ ወደ ሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ዞሮ ይሆናል፤ ግራፊክ ፕሮግራምን በሱዶ የከፈተ ሰው ነው ይህን የሚያመጣው። ፋይሉን ማጥፋት ይበቃል፣ ራሱ ይሠራዋል።

ሲስተሙ ጭራሽ ካልነሳስ? የጫኑበት ፍላሽ ላይ ታይምሺፍትም «ቡት ሪፔር»ም አሉ። ከፍላሹ አስነስቶ ታይምሺፍትን ከፍቶ ዲስኩን ማሳየትና ፎቶውን መርጦ መመለስ፤ ግሩብ ብቻ ከተበላሸ ደግሞ ቡት ሪፔር። ፍላሹ ግን ሲስተሙ በተጫነበት መንገድ መነሳት አለበት፤ ሲስተሙ በዩኢኤፍአይ ከሆነ ፍላሹም በዩኢኤፍአይ። ካልሆነ ጥገናው ሌላ ብልሽት ይጨምራል።

የመረዳዳቱ ጉዳይ ላይ ደግሞ አንድ ከሚገባው በታች የተነገረለት ፕሮግራም አለ፦ «ሲስተም ሪፖርትስ»። ስሙ የብልሽት ማስጠንቀቂያ ስለሚመስል ሰው ይሸሸዋል። ውስጡ ግን «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚል ገጽና ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚገለብጥ «ኮፒ» ቁልፍ አለ። ጽሑፉን የሚያወጣው «ኢንክሲ» የተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ የዕቃ መለያ ቁጥሮችንና የኔትወርክ አድራሻዎችን ሸፍኖ ስለሚያወጣው ለማያውቁት ሰው መላክ አያሰጋም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። «ዋይፋይ አይሠራም፣ እርዱኝ» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው በምላሹ አሥር ጥያቄ ነው። ይህን ሪፖርት የለጠፈ ሰው ግን ሦስት ቦታ ብቻ ታይቶለት መልስ ያገኛል። አንደኛው የ«ኔትወርክ» ክፍል ነው፤ ካርዱ ስሙ ተጽፎ ከአጠገቡ «ድራይቨር» በሚለው ፊት «ኤን/ኤ» ካለ ካርዱ አለ፣ የሚነዳው የለም ማለት ነው፤ የፓስወርድ ወይም የራውተር ጥያቄ አይደለም። ሁለተኛው «ሪፖስ» ነው፤ ተጠቃሚው የረሳቸው ከውጭ የተጨመሩ የፕሮግራም ምንጮች እዚያ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ከአፕዴት ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከእነሱ ነው። ሦስተኛው «ፓርቲሽን» ነው፤ 98 በመቶ የሞላ ዲስክ ከዚህ አያመልጥም። ከሪፖርቱ ጋር መላክ ያለበት ሌላ ነገር ቢኖር የስሕተት መልእክቱ ቃል በቃል፣ ከብልሽቱ በፊት የተጫነው ወይም የተቀየረው ነገር፣ እስካሁን የተሞከረውም ነው። የስክሪን ፎቶ በስልክ አንስቶ መላክ ተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያው መስኮት) ላይ ለመጣ ጽሑፍ አይመችም፤ ረጂው ሊገለብጠውና ሊፈልገው አይችልም።

ሚንት 22 ላይ የድሮው የመወያያ ፕሮግራም ሄክስቻት ልማቱ ስለቆመ ተነሥቶ «ማትሪክስ» የሚባል የመወያያ ፕሮግራም ሜኑው ውስጥ ተተክቷል። አካውንት መክፈት ይጠይቃል፤ በድሮው ዝም ብሎ ይገባ ነበር። ለተጨነቀ ጀማሪ አንድ ደረጃ ተጨመረበት ማለት ነው።

የአፕዴት ማኔጀሩ ጥሩ ነው፣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሁለት ነገር ብቻ። «ዲፒኬጂ (ፕሮግራሞችን የሚጭነው መሣሪያ) ተቆልፏል» የሚል መልእክት ሲመጣ የቁልፍ ፋይሉን የሚያስጠፋ ምክር በየቦታው አለ፤ መጥፎ ምክር ነው። ብዙውን ጊዜ ከኋላ ሌላ አፕዴት እየሠራ ነው፤ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። መብራት ጠፍቶ ወይም በኃይል ተዘግቶ መሐል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ «ሱዶ ዲፒኬጂ» ብለው ሁለት ሰረዝና «ኮንፊገር»፣ ከዚያ ክፍተት፣ አንድ ሰረዝና «ኤ» ይጨምሩ፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለተኛው፦ ዲስካቸውን በሙሉ ቆልፈው የጫኑ ሰዎች ትንሽ የ«ቡት» ፓርቲሽን ስላላቸው አሮጌ ከርነሎች (ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው) ይሞሏታል። በአፕዴት ማኔጀሩ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ኦቶሜሽን» ገጽ ላይ አሮጌ ከርነሎችን ራሱ እንዲያጠፋ የሚያዝ ምርጫ አለ። ከመጀመሪያው ቀን ይክፈቱት።

ትንንሾቹን በፍጥነት እንለፍ። ድምፅ ከጠፋ መጀመሪያ የድምፅ መውጫው ወደ ኤችዲኤምአይ ዞሮ እንደሆነ ይታይ። ካልሆነ «ሲስተምሲቲኤል»፣ ሁለት ሰረዝና «ዩዘር»፣ «ሪስታርት»፣ «ፓይፕዋየር» ብለው ተርሚናል ላይ ይጻፉ፤ ያለ ሱዶ። ሱዶ ከተጨመረበት የሌላ ተጠቃሚን አገልግሎት ስለሚፈልግ አያገኘውም። ዴስክቶፑ ከደረቀ ኮንትሮል፣ አልትና ኢስኬፕ ሲናሞንን ብቻ እንደገና ያስነሳል፤ የተከፈቱ ፕሮግራሞች አይዘጉም። ጭራሽ ካልሰማ አልትንና «ፕሪንት ስክሪን»ን ይዘው በተራ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ ይንኩ። በየቦታው የሚጻፈው ባለ ስድስት ፊደሉ (አር፣ ኢ፣ አይ፣ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ) ምክር እዚህ ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ የኡቡንቱ ከርነል አቀማመጥ ከዚያ ውስጥ የሚፈቅደው እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነው፦ ዲስክ ላይ መጻፍ፣ ለንባብ ብቻ ማድረግ፣ ማስነሳት። ከዊንዶውስ ጋር ሲቀያየሩ ሰዓቱ በተወሰኑ ሰዓታት ከተዛባ ሁለቱ ሲስተሞች የማዘርቦርዱን ሰዓት የሚያነቡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። የዊንዶውስ ፓርቲሽን መጻፍ ከከለከለ ደግሞ ዊንዶውሱ በትክክል አልጠፋም፤ «ፋስት ስታርታፕ»ን እዚያው ሄደው ይዝጉት። ዋይፋይ ከሌለና ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ከተፈለገ ስልክን በዩኤስቢ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት ምንም ድራይቨር ሳይጠይቅ ይሠራል።

ነጥብ የሚያስቀንሱት ምንድን ናቸው? የመጀመሪያው ከላይ ተደጋግሞ ተነሥቷል፦ ታይምሺፍት ሳይዘጋጅ መጫኑ ይጠናቀቃል። የእንኳን ደህና መጡ መስኮቱ ይጠቁማል፤ ግን ያ መስኮት በሁለተኛው ቀን የሚዘጋ መስኮት ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ የወጣ ላፕቶፕ። 22 እና 22.1 የወጡት በ6.8 ከርነል ነበር፤ 22.2 በ6.14 መውጣቱ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ሆኖም ገና ከፋብሪካ የወጣ የዋይፋይ ካርድ ወይም ግራፊክስ ላለው ሰው ሚንት የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። በ22 ወይም በ22.1 የተጫነ ማሽን ያለው ደግሞ በአፕዴት ማኔጀሩ «ቪው» ሜኑ ውስጥ «ሊኑክስ ከርነልስ» ገብቶ አዲሱን መጨመር ይችላል፤ ካልተስማማው ግሩብ ላይ ወደ አሮጌው መመለስ ነው። ሦስተኛ፣ ስክሪን ላይ ነገሮችን የሚያሳየው አዲሱ ሥርዓት ዌይላንድ አሁንም በሙከራ ላይ ነው። የተለያየ ጥራት ያላቸው ሁለት ስክሪኖችን ጎን ለጎን የሚጠቀም ሰው ይህ ይሰማዋል።

በሶፍትዌር ማኔጀሩ ውስጥ ያልተረጋገጡ ፍላትፓኮች (በማንኛውም ዲስትሮ ላይ የሚጫኑ የታሸጉ ፕሮግራሞች) ከ22 ጀምሮ መደበቃቸውን ግን እንደ ጉድለት የሚያወሩት ሰዎች አሉ። እኛ ግን በሚንት ጎን ነን። ፈላጊው በምርጫዎቹ ውስጥ ከፍቶ ያያቸዋል፤ የማይፈልገው ደግሞ ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ ፕሮግራም በታዋቂ ስም ስር አይጭንም።

ከአንድ ዋና ስሪት ወደ ሌላው መሸጋገሩም በራሱ አይመጣም፤ «ሚንትአፕግሬድ» የሚባል መሣሪያ ይጫንና ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። መሣሪያው መጀመሪያ የታይምሺፍት ፎቶ መኖሩን ይፈትሻል፣ ከሌለ አልቀጥልም ይላል። ይኸው ግትርነት በመጫኛው ቀን ላይ ቢኖር ኖሮ ከላይ ከቀነስነው ነጥብ ትልቁን እንመልስለት ነበር።